ከአፈሙዝ እስከ የት? የሽጉጥ በርሜል አለካክ

ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሽጉጦች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንበል። አንዱ የኦስትሪያው ግሎክ 19 ነው። ሌላው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ የሠራው፣ ጥይቶቹን በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ የሚይዝ ሪቮልቨር ነው። የሁለቱም መግለጫ ወረቀት ስለ በርሜላቸው ተመሳሳይ ቁጥር ይሰጣል፦ 4 ኢንች፣ ማለትም 102 ሚሊሜትር ገደማ። ማስመሪያ አንሥተን እናረጋግጥ። ግሎኩ ላይ ከውጭ የሚታየው በርሜል ከማቀባበያው ፊት ብቅ ያለችው የአፈሙዙ ጫፍ ብቻ ናት፤ ከጥቂት ሚሊሜትር አታልፍም። ሪቮልቨሩ ላይ በርሜሉ ተጋልጦ ይታያል፤ ሆኖም ከአፈሙዙ ተነሥተን ከአካሉ ጋር እስከሚገናኝበት ብንለካ 102 አይሞላም። ወረቀቱ ግን ትክክል ነው። የተሳሳተው የልካችን መነሻ ነው።

ማንኛውም ርዝመት ሁለት ጫፍ አለው። የበርሜል አንዱ ጫፍ አያከራክርም፤ ጥይቱ የሚወጣበት አፈሙዝ ነው። ክርክሩ ያለው በኋላኛው ጫፍ ላይ ነው። እሱ በብረት ውስጥ ተደብቋል፤ ቦታውም እንደ ሽጉጡ አሠራር ይለያያል። ይህን ጫፍ በትክክል አለማወቅ ቀላል ስሕተት አይደለም። የአንድ ሚሊሜትር ልዩነት የተፈቀደውን ሽጉጥ ከተከለከለው የሚለይበት አገር አለ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

መጀመሪያ በስሞቹ እንስማማ። አንድ ሙሉ ጥይት ቀለህ አለው፤ በቀለሁ ውስጥ ባሩድ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ የሚወረወረው እርሳስ። አማርኛ “ጠመንጃው ጥይት ጎረሰ” ይላል፤ እኔም ሙሉው ጥይት የሚገባበትን ክፍል መጉረሻ እለዋለሁ። ከመጉረሻው ወደፊት፣ ውስጡ ጠመዝማዛ ቦይ የተቀረጸበት ቱቦ ይቀጥላል፤ ቦዩ እርሳሱን እያሾረ ስለሚልከው አቅጣጫውን እንዳይስት ያደርገዋል። ከመጉረሻው በስተኋላ የቀለሁ መቀመጫ የሚደገፍበት የብረት ፊት አለ። ባሩዱ ሲነድ ወደ ኋላ የሚመጣውን ግፊት የሚችለው እሱ ነው፤ መቺው መርፌ ብቅ የሚለውም በመካከሉ ባለችው ቀዳዳ ነው። ይህን የኋላ ግድግዳ እንበለው።

በካዝና የሚጎርሱ ሽጉጦች

በአገራችን ስሙ ሰፊ የሆነው ማካሮቭ፣ ጣሊያን ይዞት የመጣው ቤሬታ፣ የአሜሪካው ኮልት 1911፣ ግሎክ፤ እነዚህ ሁሉ ጥይታቸውን ከእጀታው ውስጥ ካለ ካዝና እየወሰዱ ራሳቸው የሚያቀባብሉ ናቸው። የእነሱ በርሜል የሚለካው ማቀባበያው ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ፣ ከኋላ ግድግዳው ፊት ተነሥቶ እስከ አፈሙዙ ጫፍ ነው። መጉረሻው ይቆጠራል፤ እሱና ቱቦው የአንድ ብረት ሁለት ክፍሎች ናቸውና።

ነገር ግን የኋላ ግድግዳው ከውጭ አይታይም። ከውጭ የማይታይን ርቀት ለመለካት ደግሞ በውስጥ መሄድ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የኖረ ሰው ዘዴውን ያውቀዋል፦ ሮቶው ውስጥ ስንት ውሃ እንደቀረ ለማየት ረጅም እንጨት በአፉ ሰዶ መሬቱን እስኪነካ ያወርዳል፤ አውጥቶም ርጥበቱ የደረሰበትን ያያል። የሽጉጥ በርሜልም የሚለካው እንዲሁ ነው። ቀጭን ዘንግ በአፈሙዙ በኩል ይገባል፤ የኋላ ግድግዳውን ነክቶ ይቆማል፤ ልክ በአፈሙዙ ጫፍ ላይ ምልክት ይደረግበታል፤ ከዚያ ወጥቶ ከጫፉ እስከ ምልክቱ ያለው ርቀት በማስመሪያ ይነበባል። የአሜሪካ የአልኮል፣ የትምባሆ፣ የጦር መሣሪያና የፈንጂ ቢሮ መርማሪዎችም የሚጠቀሙበት መንገድ ይኸው ነው።

ዘንጉ ከመነካቱ በፊት ግን ሽጉጡ ባዶ መሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ሕይወት ነው። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ዞሮ፣ ጣት ከቃታው ርቆ፣ መጀመሪያ ካዝናው ይወጣል። ቀጥሎ ማቀባበያው ወደ ኋላ ተስቦ መጉረሻ ውስጥ ያለው ጥይት ይወጣል። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው፣ ማለትም ካዝናው ሳይወጣ ያቀባበለ፣ አንዱን ጥይት አስወጥቶ ሌላውን ያጎርሳል፤ ከዚያ ካዝናውን አውጥቶ “ባዶ ነው” ይላል። ብዙ ሰው “ባዶ ነው” በተባለ ሽጉጥ የሞተው እንዲህ ባለው ስሕተት ነው። ስለዚህ መጉረሻው በዓይን ይታያል፣ በትንሿ ጣትም ይዳሰሳል፤ ጥይቶቹም ከጠረጴዛው ላይ ተነሥተው ወደ ሌላ ክፍል ይወሰዳሉ። ማቀባበያው ለልኬት የሚዘጋው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ዘንጉ እንጨት ወይም ፕላስቲክ ቢሆን ይመረጣል። የብረት ዘንግ የአፈሙዙን ከንፈር ሊጭር ይችላል፤ እዚያ ያለች ጭረት ደግሞ እርሳሱ ሲወጣ ጋዙ በአንድ ወገን ቀድሞ እንዲያመልጥ ታደርጋለች፤ ዒላማ ታስታለች። የዘንጉ ጫፍ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጥ። ሰዎች የሚጨነቁት ዘንጉ ቀዳዳው ውስጥ ስለሚያዘነብል ነው፤ ሒሳቡ ግን ያረጋጋል። 9 ሚሊሜትር በሆነ ቀዳዳ ውስጥ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ እስከ መጨረሻው ቢያዘነብል ከመስመሩ የሚወጣው በ6 ሚሊሜትር ነው፤ በ100 ሚሊሜትር ርዝመት ላይ ይህ የሚጨምረው ከ0.2 ሚሊሜትር ያነሰ ነው። በሰያፍ የተቆረጠ የዘንግ ጫፍና ወፍራም የማርከር ምልክት ከዚህ እጅግ የበለጠ ያሳስታሉ። ምልክቱን በስለት ጫፍ ወይም በደንብ በተቀረጸ የጽሕፈት እርሳስ ማድረግ፣ ሦስት ጊዜ ለክቶም ሦስቱን ማስተያየት በቂ ነው።

ሽጉጡን ፈትቶ በርሜሉን ለብቻው መለካት ይቻላል ወይ? በግሎክና በኮልት ይቻላል፤ ግን ወጥመድ አለው። የእነዚህ በርሜሎች የኋላ ጫፍ እኩል አይደለም፤ ከመጉረሻው በላይ በኩል ወደ ኋላ የወጣ ምላስ መሰል ብረት አለ፣ ሽጉጡ ሲዘጋ ከኋላ ግድግዳው ጋር የሚገጥመው እሱ ነው። ልኩ ከዚህ ምላስ ጫፍ ካልተነሣ በርሜሉ ሚሊሜትሮች ይጎድሉበታል። ማካሮቭ ላይ ጥያቄውም አይነሣም፤ በርሜሉ ከአካሉ ጋር ተጨምቆ በፒን የታሰረ ስለሆነ በተራ መፍታት አይወጣም። ዘንግ ሲገባበት 93.5 ሚሊሜትር ያህል ይነበባል።

ከበሮ ያላቸው ሽጉጦች

ሪቮልቨር ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የሪቮልቨር መጉረሻዎች ከበርሜሉ የተለዩ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ሆነው በከበሮው ውስጥ ተደርድረው እየዞሩ በየተራ ከበርሜሉ ኋላ ይቆማሉ። ስለዚህ በርሜሉ ከከበሮው ፊት ያበቃል፤ ልኩም ከአፈሙዙ እስከ በርሜሉ የኋላ ጫፍ ብቻ ነው። ከበሮው አይቆጠርም።

መግቢያው ላይ ሪቮልቨሩን ከውጭ ስንለካ የጎደለን ምን ነበር? በርሜሉ በአካሉ ላይ በጥርስ ተጠምዝዞ የገባ ነው። ጥርስ ያለው ክፍል በአካሉ ብረት ተሸፍኖ ያልፍና በከበሮው መስኮት በኩል በትንሹ ብቅ ይላል። ያ የተሸፈነው ክፍል በርሜል ነው። እሱን ለማግኘት ከበሮው ወደ ጎን ይከፈታል፤ እንደ 1873ቱ የኮልት ሪቮልቨር ባሉት ላይ ደግሞ ከበሮው የሚዞርበት ዘንግ ተስቦ ከበሮው ጨርሶ ይወጣል። ከዚያ ጠፍጣፋ ነገር፣ ለምሳሌ የፕላስቲክ ካርድ፣ በበርሜሉ የኋላ ጫፍ ላይ ተጣብቆ ይያዛል፤ ከአፈሙዙ የሚገባው ዘንግ ካርዱን ነክቶ ይቆማል። ከበሮው በቦታው እያለ ዘንግ የሚሰድ ሰው ዘንጉ ባዶ መጉረሻ ውስጥ ዘልቆ ይገባበታል፤ የአራት ኢንቹን ሪቮልቨር ስድስት ኢንች ገደማ አድርጎ ይጽፈዋል።

የፋብሪካ ስያሜም ሁልጊዜ ልክ አይደለም። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን እ.ኤ.አ. በ1950 ያወጣው ሞዴል 36 በአፍ “ሁለት ኢንች” ይባላል፤ በርሜሉ ግን አንድ ኢንች ከሰባት ስምንተኛ፣ ማለትም 47.6 ሚሊሜትር ነው። በተቃራኒው የ1873ቱ የኮልት ሪቮልቨር ሦስት ታዋቂ ርዝመቶቹን ጠብቆ ኖሯል፦ ለፈረሰኛው 7.5 ኢንች፣ ለመድፈኛው 5.5፣ ለሲቪሉ ገበያ 4.75። የመጨረሻው የሚለይበት ምልክት አለው፤ አፈሙዙ ከበርሜሉ ጎን ካለው የቀለህ ማስወጫ ዘንግ ቤት ጋር እኩል ያበቃል።

አንድ ቁጥር፣ ሁለት እውነት

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንመለስ። ሁለቱም ሽጉጦች በየራሳቸው ሕግ በትክክል ተለክተው 102 ሚሊሜትር ሆነዋል። ግን እርሳሱ በሁለቱም ውስጥ እኩል መንገድ ይሮጣል?

አይሮጥም። ግሎኩ የሚጎርሰው 9 ሚሊሜትር ጥይት ከመቀመጫው እስከ እርሳሱ ጫፍ 29.7 ሚሊሜትር ነው። ከ102 ላይ ይህን ብንቀንስ፣ ከእርሳሱ ጫፍ እስከ አፈሙዙ የሚቀረው 72 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ሪቮልቨሩ የሚጎርሰው 357 ማግነም ቢሆን፣ ያ እስከ 40 ሚሊሜትር የሚረዝም ጥይት በሙሉ ከበሮው ውስጥ ነው፤ በርሜሉን አልነካም። እርሳሱ 102 ሚሊሜትሩን አሟጦ ይሮጣል። ሪቮልቨሩን በግሎኩ ሕግ፣ ከነመጉረሻው ብንለካው ኖሮ ከ140 ሚሊሜትር ያልፍ ነበር።

ይህ መንገድ ፍጥነት ነው። ባሩዱ ነዶ ጋዝ ሲሆን እርሳሱን የሚገፋው በርሜሉ ውስጥ እስካለ ድረስ ነው፤ ከአፈሙዙ ከወጣ በኋላ ፍጥነቱ እየቀነሰ ይሄዳል እንጂ አይጨምርም። ስለዚህ የሁለት ሽጉጦችን ፍጥነት “ሁለቱም ባለ አራት ኢንች ናቸው” ብሎ ማነጻጸር በሠላሳ ሚሊሜትር የተለያየን ሩጫ እኩል ነው ብሎ መፍረድ ነው። እርግጥ ሪቮልቨሩ የሚከፍለው ዋጋ አለው። ከበሮው እንዲዞር ከበርሜሉ ጋር ክፍተት ያስፈልገዋል፤ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ እስከ ሩብ የሚደርስ ስስ ክፍተት። ሲተኮስ ትኩስ ጋዝ በዚያ በኩል ወደ ጎን ይፈናጠራል፤ የተወሰነ ግፊት ይባክናል። ሪቮልቨር የያዘ ሰው ጣቱን ከከበሮው ፊት እንዳያደርግ የሚመከረውም ለዚህ ነው።

ይህን ክፍተት ያጠፋ ሪቮልቨር አለ፤ የ1895ቱ ናጋንት። ቤልጂጋዊው ሊዮን ናጋንት ነድፎት የሩሲያ ጦር ለአሥርት ዓመታት የታጠቀው ይህ ሰባት ጥይት ያዥ ሽጉጥ፣ መዶሻው ሲነሣ ከበሮው ወደፊት ተንሸራቶ ከበርሜሉ ጋር ይገጥማል። ቀለሁም ከእርሳሱ አልፎ የሚረዝም ስለሆነ አፉ በርሜሉ ውስጥ ገብቶ መገናኛውን ይደፍናል። ያም ሆኖ በርሜሉ የሚለካው እንደ ማንኛውም ሪቮልቨር ነው፤ 114 ሚሊሜትር።

ሕግ ሲለካ

አሁን ሚሊሜትሯ። የካናዳ የወንጀል ሕግ የበርሜል ርዝመት ማለት ምን እንደሆነ በግልጽ ይተረጉማል፦ ለሪቮልቨር ከአፈሙዙ እስከ ከበሮው ፊት፤ ለሌላው ሁሉ ከአፈሙዙ እስከ መጉረሻው፣ መጉረሻውን ጨምሮ። ከዚያ ወሰኑን ያስቀምጣል። በርሜሉ 105 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በታች የሆነ ሽጉጥ በተከለከለው መደብ ውስጥ ይገባል። “ወይም” የምትለዋ ቃል ከባድ ናት፤ ልክ 105 የሆነው ራሱ ተከልክሏል። አራት ኢንች 101.6 ሚሊሜትር ስለሆነ የአሜሪካ ፖሊስ ለረጅም ዘመን የታጠቀው የባለ አራት ኢንች ሪቮልቨር ቤተሰብ በሙሉ ከመስመሩ በታች ወደቀ። ፋብሪካዎች መልስ ሰጡ፦ ግሎክ ሞዴል 19ን ባለ 106 ሚሊሜትር በርሜል አድርጎ ለካናዳ ሠራ፤ የሩገር ጂፒ 100ም በ4.2 ኢንች፣ ማለትም በ106.7 ሚሊሜትር ይገኛል። ከእ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 2022 ጀምሮ ደግሞ ካናዳ የሽጉጥ ሽያጭና ዝውውርን በጥቅሉ አግዳለች፤ የልኬቱ ትርጉም ግን በሕጉ ውስጥ እንዳለ ነው።

ከላይ የሠራነውን ሒሳብ እዚህ ላይ ብናመጣው የሚያስገርም ነገር ይታያል። ባለ 106ቱ ግሎክ ከመስመሩ በላይ ነው፤ እርሳሱ ግን የሚሮጠው 76 ሚሊሜትር ነው። ባለ 102ቱ ሪቮልቨር የተከለከለ ነው፤ እርሳሱ ግን ከ100 ሚሊሜትር በላይ ይሮጣል፤ ሽጉጡም በአጠቃላይ ከግሎኩ ይረዝማል። የሕጉ ዓላማ በቀላሉ የሚደበቁ መሣሪያዎችን መለየት ከነበረ የበርሜል ርዝመት ለዚህ ደካማ መስፈርት ነው ብዬ አምናለሁ። ቢሆንም ሕጉ አንድ ትልቅ ነገር በትክክል ሠርቷል፤ ከየት እስከ የት እንደሚለካ ተናግሯል። ይህን ያልተናገረ ሕግ ሁለት መርማሪዎችን በአንድ ሽጉጥ ላይ ሁለት ቁጥር ያስጽፋል፤ ተከሳሹም በመካከላቸው ይቆማል።

ብሪታንያ ሌላ መንገድ ሄደች። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1996 በስኮትላንዷ ደንብሌን አንድ ታጣቂ 16 ሕፃናትንና መምህራቸውን በትምህርት ቤት ከገደለ በኋላ የ1997ቱ ሕግ በርሜሉ ከ30 ሴንቲሜትር፣ ወይም ጠቅላላ ርዝመቱ ከ60 ሴንቲሜትር ያነሰን መሣሪያ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከለከለ። በብሪታንያ ሕግ የበርሜል ርዝመት ከአፈሙዙ እስከ ባሩዱ የሚነድበት ነጥብ ያለው ነው። ወሰኑ ተራ ሽጉጥ ከሚደርስበት እጅግ ስለሚርቅ እዚያ ስለ አንድ ሚሊሜትር የሚነሣ ክርክር ብዙ አይደለም።

በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ለተራ ሽጉጥ ዝቅተኛ የበርሜል ወሰን የለም። ቁጥሩ የሚነሣው ሽጉጡ ላይ ትከሻ ላይ የሚደገፍ ሰደፍ ሲገጠምበት ነው፤ ያኔ እንደ ጠመንጃ ይታያል፣ ከ16 ኢንች ያነሰ በርሜል ካለውም ልዩ ምዝገባ ውስጥ ይገባል። እዚህ ላይ የሚመጣው ጥያቄ አፈሙዙ ላይ የሚገጠሙት ነገሮች፣ ነበልባል መቀነሻና ግፊት ማብረጃ፣ ይቆጠራሉ ወይ የሚለው ነው። የአሜሪካ መልስ፣ በቋሚነት ከተበየዱ፣ በከፍተኛ ሙቀት በብር ከተለሰኑ ወይም ፒን ገብቶ በላዩ ከተበየደበት ይቆጠራሉ፤ በእጅ ተጠምዝዘው የሚወጡ ከሆነ አይቆጠሩም። የካናዳ መልስ አጭር ነው፤ አይቆጠሩም። ዕቃውን ለመግጠም በርሜሉ ራሱ ላይ የተቀረጸው ጥርስ ግን የበርሜሉ አካል ነው፤ በልኩ ውስጥ ይገባል።

አሮጌ ሽጉጦች

የበርሜል ርዝመት ከሕግ ውጭም ሥራ አለው። ቅርስ የሚመዘግብ ሰው ሁለት ተመሳሳይ አሮጌ ሽጉጦችን የሚለይበት፣ አንዱ ከጊዜ በኋላ ተቆርጦ እንደሆነ የሚያውቅበት ልክ ነው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ አሮጌ ሽጉጥ ሲባል ቀድሞ የሚታወሰው የመቅደላው ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ያጠፉበት፣ ንግሥት ቪክቶሪያ በቆንስል ካሜሮን እጅ የላኩላቸው ስጦታ። እንዲህ ያለ ዕቃ በመዝገብ ሲሰፍር “በርሜል” ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር አለካኩ አብሮት ካልተጻፈ ለሚቀጥለው ተመራማሪ አይረዳም።

በፊት በኩል የሚጎርሱት የጥንት ሽጉጦች የራሳቸው ጠባይ አላቸው። የበርሜላቸው ኋላ የሚከፈት አይደለም፤ በወፍራም ብረት ተወትፏል። ዘንግ የሚነካው የውታፉን ፊት ነው፤ ከውጭ የሚለካው ደግሞ የውታፉን ውፍረት ይጨምራል። ሁለቱም ቁጥሮች ይጻፉ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነም ይገለጽ። ከእንጨቱ ጋር የሚያያዘው ጭራ መሰል ብረት ግን በሁለቱም ውስጥ አይገባም።

የሁለቱን ቁጥሮች ልዩነት በጥሞና ማየት ያስፈልጋል። ዘንጉ ውታፉ ጋ ሊደርስ በሚገባው ልክ ሳይሆን ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ቀድሞ ከቆመ፣ ቀዳዳው ውስጥ የሆነ ነገር አለ። ጨርቅ ወይም የተርብ ቤት ሊሆን ይችላል፤ ከመቶ ዓመት በፊት ተጎርሶ የተረሳ ባሩድና እርሳስም ሊሆን ይችላል፤ እርጥበት ያልነካው አሮጌ ባሩድ ዛሬም ይነዳል። ያኔ ዘንጉ ቀስ ተብሎ ይወጣል፣ አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት እንደዞረ ሽጉጡ ይቀመጣል፣ ልኬቱም የጦር መሣሪያ ባለሙያ መጥቶ እስኪያየው ድረስ ይቆማል።